እንሽላሊቷና አምፖሉ፦ የሐረር ቤት ውስጥ የሚካሄድ የሞባይል ጌም የሥራ ማስታወሻ

መስከረም ማለቂያ

ተጫዋቹ የቤት እንሽላሊት ነው። ቦታው ሐረር፣ በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ ያለ አንድ የድሮ ቤት። ሲመሽ ከመደበቂያዋ ትወጣና አምፖል ዙሪያ ወደሚዞሩት የእሳት እራቶች መድረስ አለባት። መንገዷ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ሳህን፣ ስፌትና የበር ጉበን ነው። መሬት ላይ ድመት አለች። ጌሙ በአጭሩ ይኼው ነው።

ቀን ቀን ፈረስ መጋላ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ማታ ማታ ይኼን እሠራለሁ። የምጠቀመው ጎዶትን ነው። በነፃ የሚገኝ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ያለችኝም ላፕቶፕ ትችለዋለች። የቤቱን ቅርጽ ብሌንደር በሚባል የቅርጽ መሥሪያ ሶፍትዌር አወጣለሁ። ግድግዳውንና ዕቃውን የሚሥልልኝ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ እጁ ይባረክ።

በትንሽ ፍጡር ዓይን የምንጫወታቸው ጌሞች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ላይ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ካሜራው መሬት ወርዷል፣ ሣሩ ዛፍ አክሏል፣ እንቆቅልሹ ግን የሰው ነው። ቁልፍ ፈልግ፣ ሳጥን ግፋ፣ ማብሪያ ተጫን። እንሽላሊት ሳጥን አትገፋም። ማብሪያ ለእሷ ግድግዳ ላይ ያለ ጉብታ ነው። ስለዚህ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ሕግ ጽፌያለሁ፦ ገላዋ የማያውቀው ነገር እንቆቅልሽ አይሆንም።

ጥቅምት መግቢያ

ኮድ ከመጀመሬ በፊት ስለ እግሯ አነበብኩ። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሙጫ የለውም። አየር እየሳበም አይደለም የሚይዘው። ከጣቶቿ ሥር በመስመር የተደረደሩ ስስ ሽፋኖች አሉ፤ ሽፋኖቹ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች። ቶኬይ የሚባለው ትልቁ የእስያ ዘር አንድ እግሩ ላይ ብቻ 500,000 ያህል ፀጉር አለው። እያንዳንዱ ፀጉር ጫፉ ላይ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ቅርንጫፎች ይከፈላል። እነዚህ ቅርንጫፎች ግድግዳውን እጅግ ስለሚጠጉት፣ በሞለኪውሎች መካከል ያለው ቫን ደር ቫልስ የሚባለው ደካማ መሳሳብ ተጠራቅሞ ክብደቷን ይሸከማል። ኬላር ኦተምና ባልደረቦቹ የአንዲቱን ፀጉር ጉልበት ለብቻው ለክተው እ.ኤ.አ. በ2000 አሳተሙ። በ2002 ደግሞ የሚይዛት በእርግጥ ይኼ ኃይል መሆኑን አሳዩ።

ለጌሙ የጠቀመኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። እግሯን ለማላቀቅ ጣቶቿን ከጫፍ ጀምራ ወደ ላይ ትጠቀልላለች። እግሯን አቧራ ከነካው አያያዙ ይደክማል፤ ጥቂት እርምጃ ንጹሕ ቦታ ላይ ከሄደች ግን ራሱን ያጸዳል። እርጥብ መስታወት ላይ ይላላል። ደረቅ ቴፍሎን ላይ ጭራሽ አይዝም።

እዚህ ጋ ስደርስ ጌሙ ራሱ መጣ። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ እንዳሻት ትሄዳለች። አቧራ ካለበት መደብ የተነሳች እንደሆነ የሚቀጥሉት እርምጃዎች ያንሸራትታሉ፤ ወደ ጣሪያ ከመውጣቷ በፊት እግሯ መጽዳት አለበት። ጣሪያው ያፈሰሰበት ግድግዳ ላይ ብዙ መቆየት አትችልም። ወጥ ቤት የተሰቀለው የማያጣብቅ መጥበሻ ፈጽሞ አይታለፍም፤ መዞር ነው። አንድም ሕግ ከራሴ አልፈጠርኩም። ደስ ያለኝም እሱ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ

ዛሬ የግድግዳ ፎቶ ላነሳ አንዲት እማማ ቤት ሄድኩ። የእናቴ ወዳጅ ናቸው። ቤታቸው እንደ ጥንቱ የተሠራ የሐረሪ ቤት ነው። ሲገቡ ትልቁ ክፍል ውስጥ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች ይጠብቃሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ። ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያ ድረስ ስፌቱና ሳህኑ ረድፍ በረድፍ ተሰቅሏል። መደቦቹ በቀይ አፈር የተለቀለቁ ናቸው። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል።

ለእንቆቅልሽ ሠሪ ይኼ ክፍል ሲሳይ ነው። መውጫና መውረጃው፣ መደበቂያው፣ አደጋው ሁሉ ተሠርቶ ተቀምጧል። እኔ ምንም መጨመር የለብኝም።

ስልኬን ግድግዳው ላይ ልጥፍ አድርጌ ወደ ላይ ማንሳት ጀመርኩ። ከበሩ ስታየው ግድግዳው አንድ ወጥ ነጭ ነው። ከሁለት ጣት ርቀት ስታየው ሌላ አገር ነው። የብሩሹ መስመር ሁሉ ጎልቶ ይታያል። አንድ የብሩሽ ፀጉር ኖራው ውስጥ ደርቆ ቀርቷል። አንድ ጥግ ላይ ቀለሙ ተፈንቅሏል፤ ከነጩ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ እንደገና ነጭ አለ። ጫፍ ጫፉ ተነስቷል። ለሰው ጥፍር የማይበቃ ከፍታ ነው፣ ለእሷ ግን መቆናጠጫ ይሆናል።

«ምኑን ነው የምታነሳው ልጄ፣ ቆሽሿል እንዴ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ የእንሽላሊት መንገድ ነው።»

«የእንሽላሊት? አዑዙ ቢላህ! እሷን በነጠላ ጫማ ነው እንጂ በፎቶ!»

ጌሙን አስረዳኋቸው። ብዙም አልጣማቸውም። ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸው በጣታቸው ከበሩ በላይ ያለውን አግዳሚ አሳዩኝ። እዚያ ላይ አንድ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተቀምጧል። «ከዚያ ነው የምትወጣብኝ» አሉ። በድሮው ልማድ እዚያ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለዳር የደረሰች ልጅ ቤት ውስጥ አለች ማለት ነው። የእማማ ልጆች ሁሉም ተድረዋል፤ ምንጣፉ ግን አልወረደም። ለእንሽላሊቷ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው የሚያሻግር ዋሻ ነው፤ ድመት አትደርስበትም፣ ሰው አያይበትም። ሦስተኛው ሌቭል እዚያው ተሠራ ማለት ይቻላል።

የእማማ ጥላቻ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ምግብ ላይ ከወደቀች ትመርዛለች የሚል ሰው ሰፈራችን ሞልቷል። የግድግዳ እንሽላሊት መርዝ የላትም። ኩሷ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ስለሚችል ምግብ መክደን ተገቢ ነው፤ እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢንቢ ነው የምትለቅመው። ይኼን ጌሙ ውስጥ በጽሑፍ አላስገባም። ተጫዋቹ ራሱ እየለቀመ ያየዋል።

ጥቅምት ማለቂያ

በእውነተኛ መጠኗ፣ 10 ሳንቲሜትር አድርጌ አስገባኋት። ግድግዳው ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። አንዳንዴ ጭራሽ ግድግዳው ውስጥ ትሰምጣለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጌም ሶፍትዌሮች የፊዚክስ ስሌት የተስተካከለው ሰውና ሳጥን ለሚያክሉ ነገሮች ነው። የእንሽላሊት ጣት ለሚያክል ነገር ስሌቱ ሻካራ ይሆንበታል። ካሜራውም እንዲሁ ነው፤ በጣም ሲጠጋ ፊቱ ያለውን ነገር ቆርጦ ይጥለዋል።

መፍትሔው ዓለሙን ማሳደግ ነው። ሁሉንም በ10 አበዛሁት። እሷ አንድ ሜትር ሆነች፣ አራት ሜትር የነበረው ክፍል 40 ሜትር ሆነ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከጣሪያ ስትወድቅ በዝግታ ትንሳፈፋለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሌላ ሰውም ይቸግረዋል ብዬ ነው። ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን የመሬት ስበቱ እንዳለ 9.8 ከቀረ፣ የመውደቂያው ጊዜ ከ3 እጥፍ በላይ ይረዝማል። ዓይናችን ይኼን ያውቀዋል። ቀስ ብሎ የሚወድቅ ነገር ካየን ግዙፍ ነው እንላለን። ትንሽ ነገር ቶሎ መውደቅ አለበት። ስበቱን 98 አደረግኩት። አሁን ስትወድቅ ከዓይን ጥቅሻ በፊት መሬት ናት። ያለ ምንም ሥዕል፣ ያለ ምንም ብዥታ፣ ክፍሉ የእሷ ሆነ። የትንሽነት ስሜት ግማሹ ያለው ካሜራው ከፍታ ላይ ሳይሆን ፍጥነቱ ላይ ነው።

ኅዳር

ካሜራው ራስ ያዞራል። ከግድግዳ ወደ ጣሪያ ስትሻገር ላይና ታች ይገለበጣል። ሱቅ የመጣ አንድ ደንበኛ ትንሽ ሞክሮ «አቦ፣ ወደ ላይ አለኝ» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።

የመጀመሪያው ማስተካከያ ዝግታ ነው። ካሜራው የሚዞረው አራቱም እግሯ አዲሱን ገጽ ሲይዝ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ከቤቱ ራሱ የመጣ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚንጠለጠል ነገር ካለ ሰው ታች የት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። የአምፖሉ ገመድ አለ። ከስፌቱ የተንዠረገገ ክር አለ። ሚስማር ላይ የተሰቀለ ሙስባሃ፣ የጸሎት መቁጠሪያ፣ አለ። አሁን ተጫዋቹ የትም ቢቆም ከነዚህ አንዱ እንዲታየው አድርጌ ነው የማስቀምጠው። እነሱ ሁልጊዜ ወደ መሬት ያመለክታሉ፤ ካሜራው ቢገለበጥም ልብ አይገለበጥም።

ስክሪኑ ላይ የነበረውን ጆይስቲክም አነሳሁት። አውራ ጣት የክፍሉን ሩብ ይሸፍናል። አሁን መሄድ የፈለግክበትን ቦታ ትነካለህ፣ ትሄዳለች። የጉልበት መለኪያ የሚባልም የለም። እርጥብ ቦታ ላይ ስትቆይ ጣቶቿ መንሸራተት ይጀምራሉ፣ ስልኩ በስሱ ይነዝራል። ይበቃል።

ኅዳር ማለቂያ

ጅራቷ። ከሁሉም ክፍል የምወደው ይኼን ነው።

እንሽላሊት ስትያዝ ጅራቷን ትጥላለች፤ የተጣለው ጅራት ለደቂቃዎች ይወራጫል፣ አሳዳጁ እሱን ሲያይ እሷ ታመልጣለች። ይኼን ሁላችንም ልጅ ሆነን አይተናል። እኔ ያላወቅኩት ጅራቱ ሌላ ሥራም እንዳለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት አንብቤያለሁ። የቤት እንሽላሊቶች በጀርባቸው ሲወድቁ ጅራታቸውን አሽከርክረው አየር ላይ ይገለበጡና በእግራቸው ያርፋሉ። ግድግዳ ላይ የፊት እግራቸው ሲያዳልጣቸው ደግሞ ጅራታቸውን ተጭነው ወደ ኋላ ከመውደቅ ይድናሉ። ጅራት የሌላት ይኼን ሁሉ ታጣለች።

ስለዚህ ጅራት መጣል ዋጋ አለው። አራተኛው ሌቭል በዚህ ላይ የቆመ ነው። እንሽላሊቷ ከታችኛው መደብ ትነሳለች። ድመቷ ከመደቡ ሥር ተኝታለች። ወደ አምፖሉ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በደረቁ ግድግዳ ነው፣ አጭር ነው፣ ግን በድመቷ አፍንጫ ሥር ያልፋል። ጅራትህን ጥለህ ማለፍ ትችላለህ። ሁለተኛው በሳህኖቹ ጀርባ ዞሮ ያፈሰሰው ጣሪያ ሥር ያልፋል፤ እዚያ ከቆየች አንድ እግሯ ማዳለጡ አይቀርም። ጅራት ካላት ተጭናው ትተርፋለች። ከሌላት ትወድቃለች።

ችግሩ አጭሩ መንገድም መጨረሻው ላይ እርጥቡን ጣሪያ መንካቱ ነው። ጅራቱን ታች የጣለ ተጫዋች እዚያ ሲደርስ ይቸገራል። እንግዲህ ማሰብ ነው። ድመቷን ሳትቀሰቅስ እንዴት ታልፋለህ? መደቡ ላይ ያለው አቧራ የእግርህን ድምፅ ያጠፋል፤ ግን እግርህ አቧራ ይይዛል። ግድግዳው ሥር ጥቂት ተመላልሰህ ማጽዳት አለብህ፤ እዚያ ደግሞ ድምፅ አለው። ይኼ ሁሉ ትርምስ ከሦስት ነገር የወጣ ነው፤ ከአቧራ፣ ከውኃና ከጅራት።

በሚቀጥለው ምዕራፍ ጅራቱ በቅሎ ትገኛለች። እውነተኛው ሳምንታት ይወስዳል፣ ውስጡም ጠንካራ አጥንት ሳይሆን እንደ ጆሯችን ያለ ልም አጥንት ነው። ቀለሙን ትንሽ ለየት አድርገን ሥለነዋል። የከፈለችው ገላዋ ላይ ይታይ።

ጥር

መብራት ሲጠፋ ምን ይሁን? የሐረር ቤት እየሠራሁ መብራት የማይጠፋበት ጌም መሥራት አልችልም።

ቀላሉ ነገር ስክሪኑን ማጥቆር ነበር። ግን የምትጫወተው እሷን ሆነህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ስዊድን ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሊና ሮትና አልሙት ኬልበር አንድ የእንሽላሊት ዘር በደብዛዛ የጨረቃ ብርሃን ቀለም እንደሚለይ አሳይተዋል። በዚያ ብርሃን እኛ ቀለም አይታየንም፣ ሁሉም ግራጫ ነው። ስለዚህ በእኔ ጌም መብራት ሲጠፋ የሰዎቹ ድምፅ ይደናገራል፣ ክብሪት ፍለጋ ይጀመራል፣ ቤቱ ግን ለእሷ አይጠፋም። ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ቀለሙ ይቀራል። የሚጠፋባት እራቶቹ ናቸው፤ አምፖሉ ሲጠፋ ይበታተናሉ። መብራት በርቶ የነበረው ግብ በድንገት ይቀየራል።

የሰፈሬ ልጅ ለዚህ ብቻ የስፌቶቹን ቀለም እንደ አዲስ ሠራው። ቀዩና ብርቱካኑ በጨለማ ሲታይ ልብ ይሰርቃል።

የካቲት

ድምፅ ቀረጻ። የውጭው ምዕራፍ መኪና ግርግር ላይ ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ አስፈቀድኩና ስልኩን ጠረጴዛው ሥር፣ እንጨቱ ላይ አስሬ ቀረጽኩ። ከላይ የምንሰማው ተራ ጩኸት ነው። ከሥር ግን መርፌዋ ስትመታ፣ መዘውሩ ሲዞርና የፔዳሉ ትንፋሽ ለየብቻው ይሰማል። እንሽላሊቷ ጠረጴዛው ሥር ስታልፍ የምትሰማው ይኼን ነው።

ሁሉም ሰው «ጅብ የለውም እንዴ?» ይለኛል። ሐረር ስለሆነ ነው። ጅብ አለ። ውጭ ግንቡ ቀዳዳ አጠገብ ሌሊት ትንፋሹና እግሩ ብቻ ያልፋል፤ ለአንዲት እንሽላሊት ጅብ ከዚያ በላይ አይደለም። አያሳድዳትም፣ አያያትም።

ጽሑፍን በተመለከተ፣ ጌሙ ውስጥ አንድም ቃል የለም። ከተማው አማርኛም፣ ሐረሪም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም ይናገራል፤ እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም።

ሚያዝያ

የአክስቴ ልጅ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የሚኖረው። ኤፒኬውን፣ የጌሙን መጫኛ ፋይል፣ በቴሌግራም ላክሁለት። ሱቄ ውስጥ በአሮጌ ባለ 2 ጊጋ ራም ስልክ ጌሙ ያለ ችግር ነበር የሚሄደው። እሱ በተመሳሳይ ስልክ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይንቀራፈፍብኛል አለ። መጀመሪያ አላመንኩም፣ ወርጄ አየሁት። እውነቱን ነው። ድሬ ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ወደ 700 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ በሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ነው። ስልኩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፕሮሰሰሩን ያቀዘቅዘዋል። ሐረር ብርድ ውስጥ ይኼ አይታይም።

ስለዚህ ብርሃኑን በየሴኮንዱ ከማስላት ይልቅ አስቀድሜ አስልቼ ግድግዳው ላይ አተምኩት። የሚንቀሳቀስ ብርሃን አምፖሉ ብቻ ነው። በሴኮንድ የሚታየውን የምስል ብዛት 30 ላይ ገደብኩት። የአክስቴ ልጅ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከመጀመሪያው ሌቭል እስከ አራተኛው ሄደበት። ስልኩ ሞቀ እንጂ አልተንቀራፈፈም።

ግንቦት

አሁን ሱቅ የሚመጣው ሰው ስልኩ እስኪጠገን ይጫወታል። ከኋላ ቆሜ አያለሁ፣ አልናገርም።

አንዲት ተማሪ አራተኛውን ሌቭል እኔ ባላሰብኩት መንገድ ፈታችው። ጅራቷን ድመቷ ፊት አልጣለችም። ወደ ላይኛው ረድፍ ወጥታ፣ ማንም ሳያሳድዳት፣ ከኢናሜል ሳህን በላይ ቆማ ጣለችው። ጅራቱ ሳህኑ ላይ ሲወራጭ ሳህኑ ተንኳኳ። ድመቷ ወደ ድምፁ ሄደች፣ ደረቁ ግድግዳ ነፃ ሆነ። ልጅቷ እርጥቡ ጣሪያ ጋ ስትደርስ ጅራት የላትም፤ እሷ ግን ከመግባቷ በፊት እግሯን አጽድታ ስለነበር ሳትቆም በሩጫ አለፈችው። ሳህን ላይ የወደቀ ነገር ይጮኻል ብዬ የጻፍኩት ለሌላ ሌቭል ነበር።

«እንዴት አሰብሽው?» አልኳት።

«ቤታችን ሳህን ላይ ስትሄድ ትሰማለቻ» አለች። ስልኳን ተቀብላ ሄደች።

መፍትሔዋን አልዘጋሁትም። ድመቷ ድምፅ የምትሰማበትን ርቀት ብቻ ጨምሬዋለሁ፤ በፊት በአጋጣሚ ነበር የሰማችው፣ አሁን ሁልጊዜ ትሰማለች። ቀጥሎ የመኪና ግርግሩን ምዕራፍ ልስን እጨርሳለሁ። ስፌት መኪናው ሲንቀሳቀስ የጠረጴዛው እግር ይነዝራል፤ ንዝረቱ አያያዟን ይለውጠው አይለውጠው እያነበብኩ ነው። እስካገኘው ድረስ ያ ሌቭል ክፍት ይቆያል።